ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ስም

«ዊላ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!» አለች ግሬቸን፣ የእንቁላል መቀቀያውን ሰዓት ከፍ አድርጋ እያሳየች። «ሠላሳ ሰከንድ ቀርቶሻል። ለኤሚት ማንን ነው?»

ዊላ ፊቷ ሁለት ወረቀት ዘርግታለች። የራሷ በእርሳስ የተሞነጫጨረ፣ በላጲስ ከመፋቅ ብዛት የሳሳ ነው። የኤሚት ደግሞ በማስመሪያ የተሠራ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ንጹሕ ዝርዝር ነው። አራተኛ ዙር ከሚለው ትይዩ ያለውን ስም አነበበች። ከዚያ የተጫዋቹን ስቲከር ልጣ ተነሳችና ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ፣ ኤሚት በሚለው ረድፍ ላይ ለጠፈችው።

«ከተለጠፈ ተለጠፈ» አለች ግሬቸን። የሊጉ የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው። አንዴ የተለጠፈ ተጫዋች በምርጫው ቀን በልመናም በለቅሶም አይነሳም፤ መለዋወጥ የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው።

ስምንት ልጆች በየዓመቱ መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ ግሬቸን ቤት ይሰበሰባሉ። እውነተኞቹን የቤዝቦል ተጫዋቾች በየተራ እየመረጡ የምናብ ቡድን ያዋቅራሉ። ከዚያ እስከ መስከረም ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ በሠሩት ልክ ለእነሱም ነጥብ ይቆጠርላቸዋል። አንደኛ የወጣ ጎኑ የተጨረማመተ የፖፕኮርን ቆርቆሮ ይሸለማል። በምርጫው ቀን ግን ቆርቆሮው ሌላ ሥራ አለው፤ የሁሉም ስልክ እዚያ ውስጥ ይከተታል። ግሬቸን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከሁሉም ትልቅ፣ ከሁሉም ኮስታራ። «ስልኩን እያየ የሚመርጥ ሰው የስልኩ ተላላኪ ነው» ትላለች።

ሌላም ሕግ አለ። ሁለት ዓመት በተከታታይ መጨረሻ የወጣ ወንበሩን ለተረኛ ይለቃል። አምና መጨረሻ የወጣው ኤሚት ነው።

ነገሩ ለዊላ ጨዋታ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። የኤሚት ቤተሰብ አምና ከዳቬንፖርት ተነስቶ ከወንዙ ማዶ፣ ሮክ አይላንድ ገባ። ድልድዩን በመኪና ለመሻገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ አምስቱን ደቂቃ የሚነዳ ሰው ግን ያስፈልጋል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው የበሉ ልጆች አሁን የሚያወሩት ስለ ሊጉ ብቻ ሆኗል። ኤሚት ወንበሩን ካጣ ከዚያ በኋላ ምን ብላ እንደምትደውልለት ዊላ አታውቅም።

ዛሬ ኤሚት የለም። ትምህርት ቤቱ በሙዚቃ ይወዳደራል፤ እሱ ጥሩምባ ይነፋል፤ አስተማሪያቸው ደግሞ ከግሬቸን ያላነሰች ስልክ ሰብሳቢ ናት። ስለዚህ ትናንት እናቱ መኪናውን በር ላይ አቁመውለት ወረቀቱን በመስኮት አቀበላት።

«ዝርዝሩን ብቻ ተከተይ። አንድ ስም እንዳትቀይሪ።»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

«አደራ፣ ዊላ። ዘንድሮ በራሴ ጭንቅላት ነው።»

«በራሴ ጭንቅላት» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። አምና ምክር የሰጠችው እሷ ናት። «ኳስ ወርዋሪ በጊዜ አይመረጥም፣ ክርናቸው ሸክላ ነው፤ መጀመሪያ ጥሩ መቺዎችን ያዝ» አለችው። ሰማት። የተወው ወርዋሪ ሌላ ሰው ቡድን ገብቶ በሕይወቱ ምርጡን ዓመት ተጫወተ፣ ኤሚትም ከታች አንደኛ ወጣ። አልወቀሳትም። ባይወቅሳትም ጸጸቱ ለቀቅ አላደረጋትም።

ከአራተኛው ዙር በኋላ ዕረፍት ሆነ። ፒዛው መጣ፣ እንደ ከተማው ልማድ በመቀስ በቁመቱ የተቆረጠ። አጠገቧ የተቀመጠው ዶኖቫን ሁለት ቁራጭ ደርቦ ጎረሰ። ከመረጣቸው አራት ተጫዋቾች ሦስቱ አባቱ ከሚደግፉት ቡድን ናቸው። ሲቀልዱበት «ፍቅር ነው፣ አይገባችሁም» ይላል። ታናሽ ወንድሙ ወንበር ከሚጠብቁት የመጀመሪያው ነው፤ ይህን ለማንም ማስታወስ አይሰለቸውም።

«ለኤሚት አሳምረሽ ምረጪለት» አላት አፉ ሞልቶ። «የወንድሜን ወንበር ሙቅ አድርጎ ይጠብቅለት።»

«አንተ የራስህን ቡድን እይ። ሦስቱ አንድ ቀን ካረፉ ምን ልትበላ ነው?»

«ፒዛ!»

በረዶ አልቆ ስለነበር ዊላ ልታመጣ ወደ ጋራዥ ወረደች። ማቀዝቀዣው ያለው እዚያ ነው። የግሬቸን አባት ሚስተር ቮስ የሣር ማጨጃውን ፈታተው ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ ከውድድሩ ዘመን በፊት የሚደረግ የዝግጅት ጨዋታ ነው። ዊላ የማቀዝቀዣውን በር ስትከፍት መፍቻቸውን አስቀመጡ።

«ሰማሽ? ብሪግስ ወጣ።»

«ካልደር ብሪግስ?»

«እሱው። ኳስ ወርውሮ ክርኑን ያዘ፣ ለማንም ሳይነግር ከሜዳ ወጣ።»

«በጣም ተጎድቶ ነው?»

«ማን ያውቃል፣ ልጄ። ነገ ይመረመራል አሉ። ለጥንቃቄ ያስወጡትም ይሆናል። ካልሆነ ግን ዓመቱ አለቀ ማለት ነው።»

ዊላ በረዶውን አቅፋ ቆመች። የኤሚትን ዝርዝር በቃሏ ታውቀዋለች። አምስተኛ ዙር፦ ብሪግስ። ስሙ በቀይ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ሥሩ በትንንሽ ፊደል፦ ከተወሰደ ሳልጋዶ።

ማቴዎ ሳልጋዶ እሷም የምትፈልገው ልጅ ነው። ቡድኗ ኳስ ከሜዳ ውጭ የሚያጎኑ ግዙፍ ሰዎች ብቻ ሆኗል፤ ወርዋሪው ሳያስብ ሮጦ ቀጣዩን ማረፊያ፣ ቤዝ የሚሉትን፣ የሚሰርቅላት አንድም የለም። ሁለት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ያወጣት ይኸው ጉድለት ነው። በአምስተኛው ዙር ኤሚት ይመርጣል፣ ቀጥላ እሷ። ኤሚት ብሪግስን ከወሰደ ሳልጋዶ የእሷ ነው።

ደስ አላት። መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር፣ ለኤሚት ከማዘኗ በፊት። ይህን ስታውቅ በራሷ አፈረች፤ የበረዶው ቅዝቃዜ እንኳ የተሰማት ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ላይ ስትመለስ ሰዓቱ ተሞልቷል። አምስት ልጆች መረጡ፤ ብሪግስን የነካ አልነበረም። ወርዋሪ መምረጥ ገና ማንም አልጀመረም። ዊላ ሁለቱን ወረቀት እያየች ታስባለች። ዝርዝሩን ብትከተል ማንም አይናገራትም። ተከተይ ተባለች፣ ተከተለች። ኤሚት ራሱ «ክፉ ዕድል!» ብሎ ዝም ይላል። ወርዋሪው ቢተኛ፣ ኤሚት መጨረሻ ቢወጣ፣ የዶኖቫን ወንድም ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ፣ ጥፋቱ የክርኑ ነው እንጂ የእሷ አይደለም። ብትቀይርና ብሪግስ ነገ ደህና ነው ቢባል ግን በሁለት ዓመት ሁለተኛ ስህተቷ ይሆናል። ያኔ አደራ በላች ብትባል ምን ትመልሳለች?

ደግሞ አደራ ያለው ለወረቀቱ ነው ወይስ ለእሱ? ኤሚት አሁን እዚህ ቢኖርና ጋራዥ የወረደው እሱ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

«ኤሚት» አለች ግሬቸን። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ።

ዊላ የሳልጋዶን ስቲከር ላጠች። ኤሚት በሚለው ረድፍ ላይ ለጠፈችውና በአውራ ጣቷ ዳር ዳሩን ተጫነችው።

ዶኖቫን ወረቀቱን በጎን አየ። «ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ብሪግስ አይደል የሚለው? ሁለቴ አስምሮበታል!»

«ከተለጠፈ ተለጠፈ» አለች ግሬቸን። «ወኪሉ እሷ ናት። ዊላ፣ አሁን የራስሽ።»

የራሷ ወረቀት ላይ ከሳልጋዶ ቀጥሎ አንድ ሌላ ሯጭ አለ፤ እንደሱ ባይሆንም ያግዛታል። ጣቷን ስሙ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ሰሌዳውን አየች። ብሪግስ ገና ካልተላጡት ስቲከሮች መሀል ነው። ደህና ከሆነ ከእሷ በኋላ ካሉት አንዱ ይወስደዋል፣ ኤሚትም ዓመቱን ሙሉ የሌላ ሰው ቡድን ውስጥ ሲያሸንፍ ያየዋል፣ ልክ እንደ አምናው።

«ሃምሳ ሰከንድ ቀረሽ» አለች ግሬቸን።

ዊላ የብሪግስን ስቲከር ላጠችና በራሷ ረድፍ ላይ ለጠፈችው።

ዶኖቫን ጠረጴዛውን ደበደበ። «ኧረ ሌባ! የጓደኛዋን ምርጫ ለራሷ! አይታችኋል አይደል?»

«ዊላ፣ ነውር አይደለም?» አለች ግሬቸን እንኳ፣ በዝግታ።

ዊላ ፊቷ ጋለ። ስለ ክርኑ ልትነግራቸው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ብትነግራቸው «ታዲያ ለምን ወሰድሽው?» ይላሉ። እሱን ማስረዳት ደግሞ ሌባ ከመባል የባሰ ያሳፍራል። «ቀጣይ» አለች ብቻ። የተመኘችው ሯጭ ከሁለት ምርጫ በኋላ ለሌላ ሄደ።

ምርጫው ሲያልቅ ቆርቆሮው ተከፈተ። ከሁሉ ቀድሞ ስልኩን ያወጣው ዶኖቫን ነበር፤ ለማን እንደሚጽፍ መገመት አያቅትም። ዊላ ጃኬቷን ለብሳ ወጥታ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ከዛፎቹ ሥር የቀረው በረዶ ጠቁሯል፣ ፀሐይ ግን አለ። ስልኳ ወዲያው ጮኸ። ከጀርባ የአውቶቡስና የጥሩምባ ድምፅ ይሰማል።

«ዶኖቫን የጻፈልኝ እውነት ነው?» አለ ኤሚት።

«ብሪግስ እኔ ጋ ነው። ሳልጋዶ አንተ ጋ።»

«አንድ ስም እንዳትቀይሪ አላልኩሽም? አንድ ነገር ነው የለመንኩሽ!»

«ክርኑን ይዞ ወጣ፣ ኤሚት። ዛሬ፣ ጨዋታው መሀል። በዕረፍት ሰዓት ከሚስተር ቮስ ነው የሰማሁት። ሌላ የሰማ አልነበረም።»

አንዱ አጠገቡ ጥሩምባ ሲነፋ ኤሚት «ዝም በል አቦ!» ብሎ ጮኸበት።

«በጣም ነው የተጎዳው?»

«አይታወቅም። ነገ ይመረመራል።»

«ደህና ቢሆንስ?»

«ደህና ከሆነ ያንተ ነው። የመጨረሻ ዙር ተጫዋችህን ትሰጠኛለህ፣ እኔ እሱን እሰጥሃለሁ። ለዛ ነው የወሰድኩት።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ እኔ ጋ ይተኛል።»

አውቶቡሱ ድልድዩን እየተሻገረ ሳይሆን አልቀረም፤ የብረቱ ድምፅ በስልኩ ገባ። ኤሚት ሲያስብ በአፍንጫው እንደሚተነፍስ ታውቃለች፤ ትንፋሹ ይሰማታል።

«ሳልጋዶን ትፈልጊው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ዝርዝርሽን ባላየውም አውቃለሁ። ሯጭ የለሽም።»

«አንድም የለኝም።»

«ለዶኖቫን ልጻፍለት? ሌባ እያለሽ ነው እኮ፣ ለሁሉም።»

ዊላ ወደ ቤቱ ዞር አለች። በመስኮቱ ሰሌዳው ይታያል። የብሪግስ ስቲከር ትንሽ ተጣሞ ነው የተለጠፈው።

«ተወው። ነገ ምርመራው ይውጣና ያኔ ይገባዋል።»

«ዓመቱን ሙሉ የተኛ ወርዋሪ ይዘሽ፣ ያለ ሯጭ… መጨረሻ ልትወጪ ትችያለሽ እኮ።»

«ገና መጋቢት ነው» አለች ዊላ። ከኪሷ ማንም ያልመረጣቸውን፣ ወደፊትም ሊወሰዱ የሚችሉ ተጫዋቾችን ስም የያዘ ወረቀት አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «ስማ፣ ቤዝ የሚሰርቅ አብረን እንፈልግ። ከላይ ጀምሬ ላንብብልህ?»

«አንብቢ» አለ ኤሚት።