ሁሉም ያውቁ ነበር

ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስሟ «አለቃ» ነው። ዓመታት ሙሉ የክፍል አለቃ ሆና ስም ስትጠራ፣ የሚረብሸውን ስትቆጣ ኖራ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ስሙ አልለቀቃትም። ፋርማሲ ተምራ ነጭ ጋዋን ከለበሰች በኋላ እንኳ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛዋ መድኃኒት ሊገዛ ከገባ፣ ወረፋውን ሁሉ በሚያስዞር ድምፅ «አለቃ! አለሽ እንዴ?» ይላል።

ስለዚህ «ሳንሸብት አንድ ቀን እንኳ እንሰብሰብ» የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ ሥራው እሷ ላይ መውደቁ ማንንም አላስገረመም። ረዳት ሆኖ የቆመላት ድንቡሼ ነው። ድንቡሼ በክፍሉ ከሁሉም የወፈረ፣ ከሁሉም በላይ የሚያስቅ ልጅ ነበር፤ አሁን የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሆዱም ቀልዱም አልቀነሰም። ሁለቱ እየደወሉ፣ ጠፋ የተባለውን በእናቱ፣ እናቱ የሌለችውን በጎረቤቱ እያፈላለጉ ሰዉን አሰባሰቡ።

የመጀመሪያው ግብዣ ቀን፣ አዳራሹ ሞልቶ አለቃ ንግግሯን ገና ከመጀመሯ ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ። መብራቱም ጠፋ። የአዳራሹ ጠባቂ «እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። ያኔ ከኋላ ወንበር አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ተነሣ፤ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለና ግድግዳው ላይ ያለውን ሳጥን ከፈተ።

ሽቦ ነበር። ቅጽል ስሙ የወጣለት በቅጥነቱ ነው፤ በኋላ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆን ክፍሉ ሁሉ «ስሙ ሥራ አስያዘው» እያለ ሳቀበት። በትምህርት ቤት ዘመኑ ድምፁን የሰማ ሰው የለም።

መብራቱ ሲመጣ ሰዉ አጨበጨበ። አለቃ ንግግሯን ጨርሳ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እውነት ለመናገር፣ አንድ ቀን እንኳ አፍህን ከፍተህ አይቼህ አላውቅም» አለችው።

«ስሜን ስትጠሪ ‹አቤት› እል አልነበር?»

«እሱንማ ሁሉም ይላል።»

«ሌላው ምን እንደሚያስብ እንጃ» አለ፣ እጁ ላይ ያለውን አቧራ እያራገፈ። «የእኔ የቀኑ ትምህርት ግን ያቺ ‹አቤት› ነበረች። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አልሰማም።»

አለቃ ልትስቅ አሰበችና አልሳቀችም። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኗን ወደ መድረኩ አዞረች፤ መድረኩ ላይ ግን ማንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሽቦ ፋርማሲው ደጅ ተመላላሽ ሆነ። አንድ ቀን ፕላስተር፣ አንድ ቀን የቁስል ቅባት፣ ሌላ ቀን ደግሞ ፕላስተር።

«እስካሁን የገዛኸው ፕላስተር የምትሠሩትን ሕንፃ ይለብጣል» አለችው።

«ታዲያ ስንት ፕላስተር ስገዛ ነው ‹ከሥራ ስወጣ እንሂድ› የሚባለው?»

«ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«አሁን ጠየቅኩ።»

አንድ ቀን ገና ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ ወሰዳት። መስኮት ያልወጣለት የምድር ቤት ክፍል ነበር፤ በጠራራ ቀን ይጨልማል። እጇን ይዞ ግድግዳው ላይ ማብሪያው አጠገብ አስቀመጠው። «ይሄ ክፍል ከተሠራ መብራት አይቶ አያውቅም። አንቺ አብሪው» አላት። አበራችው። ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ የሚታይ ነገር አልነበረም። እነሱ ግን እዚያ ብዙ ቆዩ።

አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱን ችሎት አስመስለውታል፤ ጥያቄያቸው አጭር፣ ዝምታቸው ረጅም ነው።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ኤሌክትሪክ ነው፣ አባዬ።»

«መሐንዲስ?»

«አይደለም። ሠራተኛ ነው። በእጁ የሚሠራ።»

ዳኛው ጋዜጣቸውን አጠፉት፤ መነጽራቸውንም አወለቁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ከዚያ በላይ ቃል አልወጣቸውም። እሷም አልለመነችም፤ ዝም ብላ ጠበቀች፤ ግትርነቱን ከእሳቸው ነው የወረሰችው። በመጨረሻ «እሁድ ምሳ ይምጣ» አሉ። አለቃ ዘልላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

እሁድ ደረሰ። ጠረጴዛው ተዘጋጀ፤ ዳኛው ከራቫት አሰሩ። ሽቦ አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። አለቃ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ስትመላለስ ቆይታ በመጨረሻ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። አባቷ ‹ብዬሽ አልነበር› አላሉም። ከራቫታቸውን ፈትተው «በይ ልጄ፣ ምሳውን አንሺው» ብቻ አሉ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ሰኞ ድንቡሼ ሱቅ ሄደች። ድንቡሼ አንድ ንጹሕ ዕቃ ይዞ መልሶ መላልሶ ይወለውላል።

«ሩቅ ቦታ ሥራ አግኝቶ ሄደ» አላት፣ ቀና ሳይል። «አትጠብቀኝ በላት ብሎኛል።»

«እሱ አፍ የለውም?»

«አለቃ፣ በእናትሽ እኔን አትጠይቂኝ።»

አልጠየቀችውም። እንደ እሷ ያለ ኩሩ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ አይጠይቅም።

የሚገርመው ግብዣውን አለማቆሟ ነው። እንዲያውም በየዓመቱ ማድረግ ጀመረች። ለራሷም የማትነግረው ምክንያት ነበራት፦ ወሬው እሱ ያለበት እንዲደርስ፣ አለቃ ስትስቅ፣ አለቃ ስትጨፍር፣ አለቃ ምንም እንዳልሆነች እንዲነገረው ትፈልጋለች። ጓደኞቿም ደግ ሆኑላት። ወንበር ይለቁላታል፤ ምግብ ያስቀድሙላታል፤ የሽቦን ስም ግን አንድም ሰው አያነሣም። ጨዋነት መስሏት በልቧ ታመሰግናቸው ነበር። አንድ ጥሩ ሐኪም ሊያገባት ጠይቋት እምቢ አለች። ሁለተኛ ጠረጴዛ አዘጋጅታ በር በር ማየት አልቻለችም።

አባቷ ሲያርፉ ክፍሉ ሁሉ መጣ። ድንቡሼ ወንበር ተሸከመ፤ ሴቶቹ አጠገቧ ሰነበቱ። እሷ ግን በዚያ ሁሉ ለቅሶ መካከል፣ ከሰዉ በላይ ከፍ ብሎ የሚታይ አንድ ራስ ስትፈልግ ራሷን አገኘችው። አልነበረም። ያን ቀን ‹ሰው የሞተ ቀን እንኳ አይመጣም› ብላ በሩን በልቧ ዘጋችው።

ወሬው የወጣው በቀጣዩ ዓመት ግብዣ ላይ ነው። በትምህርት ቤት «ዘፋኟ» የምትባል ልጅ ነበረች፤ አግብታ ሩቅ ሄዳ ስለነበር ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ምሳ ላይ፣ በሞቅታ፣ «ትናንት ማንን ባገኝ ጥሩ ነው?» አለች። «አምፖል ልገዛ ገብቼ፣ ሽቦን! ውይ የእኔ ጌታ፣ በአንድ እጁ እንዴት እንደሚቀለጥፍ ብታዩት! ለምንድን ነው የማትጠሩት ግን?»

ጠረጴዛው ላይ ማንኪያ የሚያንቀሳቅስ ጠፋ።

«በምን?» አለች አለቃ።

«በግራ እጁ ነዋ። ቀኙ እኮ...» ዘፋኟ ዙሪያውን አየችና አፏን ያዘች።

አለቃ ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው። አንዱ ሳህኑን ያያል፤ አንዷ ቦርሳዋን ትበረብራለች። ድንቡሼ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣለትም።

«ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር?»

‹እኔ አላውቅም ነበር› ያለ የለም።

«አስምሎን ነው» አለ ድንቡሼ በመጨረሻ። «ሆስፒታል ተኝቶ እያለቀሰ ሲለምነን... ለአንቺም ብለን ነው፣ አለቃ።»

«ለእኔ ብላችሁ» አለች። ቦርሳዋን አነሣችና ዘፋኟን፣ «ሱቁ የት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጠባብ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነው። ሽቦ አንድ አምፖል በአገጩና በደረቱ መካከል ይዞ በግራ እጁ ወረቀት ይጠቀልልበታል። የቀኝ እጅጌው ከክርኑ በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ቀና ሲል አያት። አምፖሉን እንዳይወድቅ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ማን ነገረሽ?»

«መቼ ነው የሆነው?»

«ዓርብ። ከእሁዱ በፊት። አንዱ የተዘጋ ነው ያለኝን የመብራት መስመር ሌላው ከፍቶት ነበር።»

«ቅዳሜስ?»

«አልነቃሁም።»

«እሁድስ?»

ሽቦ ወደ በሩ አየ። «እሁድ ነቃሁ። ሰዓት ጠየቅኩ፤ የምሳ ሰዓት ነው አሉኝ።»

አለቃ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። «ሰው ብትልክብኝ በባዶ እግሬ እመጣ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያልላክሁት።» አምፖሉን ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገፋው። «አባትሽ በዚያው ሳምንት ሥራ ቦታ መጥተው ነበር። ክፉ አልተናገሩኝም፤ በጨዋነት ነው ያናገሩኝ። ‹ልጄ፣ አንተ የምትኖረው በእጅህ ነው። እጅህ እምቢ ያለ ቀን ልጄ ምን ይውጣታል?› አሉኝ። ስቄ ሸኘኋቸው። ከዚያ እሁድ ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የመጣልኝ የእሳቸው ጥያቄ ነው።»

አባቷ ይህን ነግረዋት አያውቁም። አሁን የምትጠይቀው አባት የላትም። ከራቫታቸውን ሲፈቱ ምን ያስቡ እንደነበር ከእንግዲህ ማንም አይነግራትም።

«ጥያቄው ለአንተ ቢሆንም» አለች ቀስ ብላ፣ «መልሱ የእኔ ነበር። እኔን ሳትጠይቅ መለስክላቸው።»

«ሸክም ልሆንብሽ አልፈለግኩም።»

«ስንት ዓመት ጠልቼሃለሁ፤ ይሄ ሸክም አይደለም? ሰውን መጥላት እንዴት እንደሚያደክም ታውቃለህ?»

«አባትሽ ሲያርፉ መጥቼ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ስታለቅሺ ሰማሁሽ።»

ልትመታው ነው ወይስ ልታቅፈው፣ ራሷም አላወቀችም። ያቺን የመርፌ ቁልፍ ታያለች። በግራ እጁ ብቻ በየጠዋቱ እንዴት እንደሚቆልፋት ታስባለች።

«አለቃ» አለ፤ ድምፁ ልክ እንደዚያ የትምህርት ቤት ‹አቤት› ቀጥኖ። «አላገባሁም። አንቺም አላገባሽም ይላሉ። አሁን ቢሆንስ?»

ይህን ቃል ስንት ቀን፣ ስንት ጊዜ በሐሳቧ ሰምታዋለች። በሐሳቧ ሁልጊዜ ‹እሺ› ትለው ነበር። አፏን ከፈተች፤ ‹እሺ› ግን አልመጣም።

«ቀኝህን ብታጣ ግራህን እይዝ ነበር» አለችው። «ይሄን ሳታውቅ ነው እንዴ ልታገባኝ የነበረው?»

አንዲት ሴትዮ ገብተው «ማከፋፈያ አለ?» ሲሉ፣ አለቃ መንገድ ለቀቀችላቸውና ወጣች። ሁለት ሱቅ አልፋ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች፤ እስኪወጣላት አለቀሰች። ግን አልተመለሰችም።

በዚያ ዓመት ለማንም አልደወለችም። የሚደውልላትንም አላነሣችም። ክፍሉ ያኔ ነው የተበተነው። ድንቡሼ ልጥራ ብሎ ሞክሮ፣ ገሚሱ «አለቃ ካለች እመጣለሁ» እያለ ቀረ፤ የመጡትም እርስ በርስ መተያየት አፍረው ምሳቸውን ፈጥነው በልተው ተለያዩ።

ከዚያ አንድ ቀን ድንቡሼ ፋርማሲው ውስጥ እንደ ማንኛውም በሽተኛ ወረፋ ይዞ ቆመ። ተራው ደረሰ።

«ምን ልስጥህ?» አለችው።

«ይቅርታ የሚባል ነገር ካላችሁ።»

«ያለ ማዘዣ አንሸጥም።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ሁለቱ አልሳቁም።

«ዘንድሮ ልጠራ ነው፣ አለቃ። እሱንም ጠርቼዋለሁ። ከእንግዲህ ከጀርባሽ የማደርገው ነገር የለም፤ አስቀድሜ እየነገርኩሽ ነው። ብትመጪም ባትመጪም መብትሽ ነው።»

«ቀጣይ» አለች፣ ከእሱ ኋላ ያለውን ሰው እያየች።

ሄደች ግን። ለምን እንደሄደች ብትጠየቅ መልስ አልነበራትም። ረጅም ጠረጴዛ ነው፤ እሷ በአንዱ ጫፍ ከዘፋኟ ጎን፣ እሱ በሌላኛው ጫፍ ከድንቡሼ ጎን ተቀመጡ። ሽቦ ኮት ለብሶ ባዶ እጅጌውን ኪሱ ውስጥ ከትቷል። ሰላምታቸው አንገት መነቅነቅ ብቻ ነበር። ሰዉ ዝምታውን ለመሸፈን ይንጫጫል።

ምሳው መጣ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ትልቅ የተጠበሰ ሥጋ፣ ቢላዋና ሹካ። ሽቦ ሥጋውን አየና ገፋ አድርጎ ዳቦውን መብላት ጀመረ። ድንቡሼ እጁን ሊዘረጋ ሲል ሽቦ ራሱን ነቀነቀ፤ ድንቡሼ እጁን ሰበሰበ። ሁሉም አዩ። ሁሉም እንዳላዩ ሆነው ጨዋታቸውን ጮክ አደረጉ። አለቃ ይህን መልካቸውን አወቀችው፤ ለዓመታት ለእሷ ያሳዩዋት ፊት ነው።

ተነሣች። የጠረጴዛውን ርዝመት ሁሉ ተራምዳ ከጀርባው ደረሰች። በትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ ቢላዋውንና ሹካውን ያዘችና ሥጋውን ለአፍ በሚመች ልክ መቁረጥ ጀመረች። አልቸኮለችም። ሽቦ አልተንቀሳቀሰም። ጸጉሯ ጉንጩን ነካው፤ ጆሮው ሥር ሽበት መጀመሩን አየች። ቆርጣ ስትጨርስ ሹካውን በግራ እጁ አስያዘችው። ጣቶቿ ጣቶቹ ላይ ከሚገባው በላይ ቆዩ።

አንዲት አስተናጋጅ ይህን አይታ፣ በደግነት፣ ወንበር እየጎተተች መጣች።

«ከባለቤትዎ አጠገብ ይቀመጡ፣ እቴ። ቦታ አለ።»

የጠረጴዛው ጫጫታ ቀጥ አለ። ሽቦ ቀና ብሎ አያት፤ የሱቁ ጥያቄ አሁንም ዓይኑ ውስጥ ነበር።

«አመሰግናለሁ፣ የእኔ እህት» አለች አለቃ። «የእኔ ቦታ ወዲያ ነው።»

ያን ሁሉ መንገድ ተመልሳ ሄዳ ተቀመጠች።