በላይኛው ሐይቅ ዳር

አዛናው የተገኘው ከገደሉ ሥር፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ባዶ እግሩን ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል። ኢንስፔክተር ስርጉት ከገንዳ ውሃ በመኪና፣ ከተራራው ግርጌ ጀምሮ ደግሞ በእግሯ ወጥታ ስትደርስ ፀሐይዋ ወደ ሱዳን በኩል ማዘንበል ጀምራ ነበር። ደጋ ተወልዳ ብታድግም የቆላ ኑሮ ዳገት አስረስቷታል፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ቆየች። ያን ፊት ታውቀዋለች።

የአዛናው ታናሽ ወንድም ኪዳን ሰሊጥ ሊያጭድ ከጎጃም ወርዶ፣ በኮኪት መንገድ ላይ መኪና ገጭቶት ሞተ። ሹፌሩ ሳይቆም አመለጠ። አዛናው ገዳዩን ሊያፈላልግ መጥቶ በዚያው የገንዳ ውሃ መምህር ሆኖ ቀረ። ጉዳዩን የያዘችው ስርጉት ነበረች፤ ምንም አላገኘችም። እሱ ግን ቢሮዋ መመላለሱን አልተወም። አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አላደረገባትም። እናቱ ገዳዩ ማን እንደሆነ ብቻ ማወቅ እንደሚፈልጉ ይነግራትና ተሰናብቷት ይሄዳል።

ወደ ተራራው የወጡት አራት ሆነው ነበር፤ አዛናው፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ ባየልኝ፣ የመተማ ዮሐንስ ነጋዴው ኸሊልና ፋርማሲ የምትሠራው እህቱ ሙባረካ። የቆላው ሙቀት ሲያማርራቸው ተጠራርተው ተራራ የሚወጡ ወዳጆች ናቸው። የዛሬው ከእስከዛሬው ሁሉ የከበደ ነበር። ከጫካው በላይ ጉልበት የሚሰብር ዳገት፣ ከዳገቱ በላይ ሰፊ መስክና ታችኛው ሐይቅ አለ። ከመስኩ ዳር ገደሉ ይነሣል፤ ላይኛው ሐይቅ በገደሉ ጫፍ ላይ ተኝቷል።

እኩለ ቀን ላይ ጉም ወርዶ ሁሉንም ሸፍኖት ነበር። ጉሙ ሲገለጥ ሬሳውን ያዩት በመስኩ ላይ ከብት የሚያሰማሩት እትዬ አየሁሽ ናቸው።

ስርጉት ሦስቱን ለየብቻ አነጋገረች። ኸሊል ከታችኛው ሐይቅ ዳር እንዳልተነሣ ተናገረ። እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ቆየ፣ ውዱእ አደረገ፣ ሰገደ። ሙባረካ ከፍታው ራሷን አሟት ከወንድሟ ጥቂት ራቅ ብላ ተጋድማ ነበር፤ በጉሙ ምክንያት ማንንም አላየችም። ባየልኝ ጉልበቱን አሞት ዳገቱ ላይ፣ ጫካው ዳር እንደቀረ ገለጸ። ዓይኖቹ በልቅሶ ቀልተዋል።

«ሐይቆቹ ድረስ አልመጣህም?» አለችው።

«የሴትዮዋን ጩኸት እስክሰማ ሁለቱንም በዓይኔ አላየሁም። ያኔ ነው መስኩ ላይ የወጣሁት።»

በጫማው ጠርዝ ላይ ቀጭን ደም ይወርድ ነበር። ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ቆንጥር ወግቶኝ ነው አላት።

ረዳቷ ሳጅን ደሞዝ ዓይኑን ከኸሊል ላይ አልነቀለም። ኸሊልና አዛናው ጠዋት፣ እንመለስ አንመለስ ተባብለው ተጣልተዋል፤ የኸሊል ሱሪ ደግሞ እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነው። ካቴና ላስገባለት ወይ ብሎ በጆሮዋ ሲጠይቃት፣ ስርጉት ገደሉን ዞራ ወደ ላይኛው ሐይቅ መውጣት ጀመረች።

ሐይቁ እንደ መስተዋት ረግቷል። የአዛናው ጫማዎች ሣሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ካልሲዎቹ በውስጣቸው ተጠቅጥቀዋል። አጠገባቸው ሣሩ በሁለት ቦታ ተኝቷል። ከዚያ እስከ ገደሉ አፋፍ ያለውን መሬት እሾሃሙ ኮሸሽላ ወርሶታል። ስርጉት እጅጌዋን ሰብስባ ከውሃው ዳር አንድ ድንጋይ ገለበጠች፤ ከሥሩ የተጣበቀውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ስትወርድ እትዬ አየሁሽን ጠጋ ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው።

ከዚያ ሁሉንም በታችኛው ሐይቅ ዳር ሰበሰበቻቸው። ሬሳው በጋቢ ተሸፍኖ ሣሩ ላይ ተጋድሟል።

«አዛናው በጉም ተሳስቶ አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ በባዶ እግሩ ኮሸሽላውን እየረገጠ ሄዷል። ውስጥ እግሩ በሙሉ እሾህ ነው። ሰው ያን መሬት ያለ ጫማ የሚረግጠው መቼ ነው?»

ዓይኗን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ለጫማ ጊዜ ሲያጣ ነው። ከፊቱ የሚሄድ ሰው ነበር፤ እንዳያመልጠው ተከትሎታል። አጠገቡ ተቀምጦ የነበረ ሰው።»

ደሞዝ የኸሊልን ሱሪ አየ። ኸሊል ፊቱ ገረጣ።

«ኸሊልም እግሩን ውሃ ነክሯል» አለች ስርጉት። «የነከረው ግን እዚህ ነው። ኸሊል፣ እግርህን አሳየን።»

ኸሊል ሱሪውን ሰበሰበ። እግሩ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ስርጉት ወደ ሬሳው ሄዳ ጋቢውን ከእግሩ በኩል ገለጥ አደረገች። በአዛናው ቁርጭምጭሚት ዙሪያ ትናንሽ፣ ሦስት ጫፍ ያላቸው ቁስሎች ነበሩ።

«እትዬ አየሁሽ፣ ቅድም ያሉኝን ይድገሙልኝ።»

«ላይኛውን ከብት አናጠጣበትም፤ አልቅት አለው» አሉ ሴትዮዋ። «ይኼ የታችኛው ጨው ጨው ይላል፤ አልቅት አያድርበትም።»

«ስትወጡም የተሻገራችሁት ውሃ የለም። ስለዚህ ዛሬ አልቅት የነከሰው ሰው ላይኛው ሐይቅ ነበር ማለት ነው።» ስርጉት ዞር አለች። «አልቅት ሲነክስ አያምም፤ ደሙ ግን በቀላሉ አይቆምም። ባየልኝ፣ ቀኝ ጫማህን አውልቅ።»

ባየልኝ አልተንቀሳቀሰም። ሙባረካ ወደ እሱ ሄዳ ተንበረከከች፤ ማሰሪያውን ፈታች፣ ጫማውን አወለቀች፣ በደም የራሰውን ካልሲ ወደ ታች ገፈፈችው። ቁስሉን አየችና እጇን ሰበሰበች።

«እሾህ አይደለም» አለች።

ባየልኝ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ኪዳንን የገጨው እሱ እንደነበር ነገራቸው። ከአዛናው ጋር የተወዳጀው መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚያውቅ ለመሰለል ነበር፤ ኋላ ግን ከልቡ ወደደው። ጫካው ዳር የቀረው በእርግጥ ጉልበቱን አሞት ነበር፤ ጉሙ ሲወርድ ግን አዛናውን ለብቻው ላገኘው ብሎ ተከትሎት ወጣ። እግራቸውን ጎን ለጎን ነክረው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነገረው።

«ምን አለህ?» አለች ስርጉት።

«‹ነገ ፖሊስ ጋ እንሂድ› አለኝ። ጫማዬን አጥልቄ ተነሣሁ። ተከትሎ መጥቶ የኮቴን እጅጌ ያዘኝ። የሚመታኝ መሰለኝ፣ ገፈተርኩት። ገደሉ በጉሙ ውስጥ አልታየኝም፤ ብቻ እጁ ለቀቀኝ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ሲይዘኝ ምን እያለ እንደነበር የገባኝ ከወደቀ በኋላ ነው። ‹ብቻህን አትሄድም፤ አብሬህ እሄዳለሁ› ነበር የሚለው።»

ኸሊል ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ስርጉት ካቴናውን ለባየልኝ በገዛ እጇ አስገባችለት፤ ከዚያ በኋላ የቀራት ሥራ ለአዛናው እናት መደወል እንደሆነ አሰበች። የሚጠይቁትን ስም አሁን ታውቀዋለች። ከስሙ በፊት የምትነግራቸውን ግን እንዴት እንደምትጀምረው አታውቅም።

ሳይጨልም መውረድ ነበረባቸው። ደሞዝ ከወይራ እንጨት ቃሬዛ ሠራ። ኸሊል አንዱን ጫፍ፣ ከብቶቹን ሊሰበስብ የመጣው የእትዬ አየሁሽ ባል ሌላውን፣ ደሞዝ ሦስተኛውን ያዙ። አንድ ሰው ጎደለ። ባየልኝ የታሰሩ እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ።

«እባክሽ ኢንስፔክተር፣ ልሸከመው።»

ስርጉት መልስ ከመስጠቷ በፊት ሙባረካ በአጠገቡ አለፈች። ሻርፗን አጥብቃ ወገቧ ላይ አሰረችና ትከሻዋን ከእንጨቱ ሥር አስገባች። «ቢስሚላህ» አለች። አራቱም እኩል ብድግ አሉ፤ ዳገቱን ወደ ታች፣ ወደ ሙቀቱ መውረድ ጀመሩ።