የአሸዋው ከሰል

ፒክአፑ ከአሜሪካዋ ኮሎምበስ ሲነሳ መስታወቱን የጋረደው በረዶ ነበር። አሁን የጋረደው አሸዋ ነው።

«ጋሼ ምንያህል፣ ፓርክ አድርግ!» ጮኸች ሃጀር።

«የት? መንገዱ ራሱ ጥሎን ሄዷል እኮ!»

ነፋሱ ከባሕሩ ተወርውሮ መጣ፤ የኋላውን መስታወት ሰበረ፤ ከሁለቱ የውኃ ጀሪካኖች አንዱን ወለሉ ላይ ፈጠፈጠው። ጎማዎቹ ተቀበሩ። ሁለቱ በሻርፕ ተሸፋፍነው ወለሉ ላይ ተኙ፤ አሸዋው ጀርባቸውን ደበደበው።

ሃጀር በኮሎምበስ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ዳር የአሸዋ ኮረብታዎችን የምታጠና ተመራማሪ ናት። ምንያህል ፖላሪስ በሚባለው የከተማዋ የገበያ ሰፈር ላሉ ሱቆች ዕቃ የሚያመላልስ፣ ሃምሳን የተሻገረ ሾፌር፣ የእናቷ ጎረቤት ነው። ከወረርሽኙ በኋላ ድንበሩ እንደተከፈተ እስከዚህ የሜክሲኮ በረሃ የተከተላት «ብቻሽን ሄደሽ እናትሽ ምን ልትለኝ ነው?» ብሎ ነው።

የመጡበት ጉዳይ አንድ ነው። አሸዋ የሚቸበችብ ኩባንያ ኮረብታዎቹ ላይ የቀሩትን ቁጥቋጦዎች ሊነቅል ተነስቷል። «ይህ አሸዋ ሲፈጠር ጀምሮ ራቁቱን ነው፤ የሰው እጅ የለበትም» ይላል። ውሸት ነው! አሸዋ መንደር የሚውጠው የያዘውን ሥር ሰው ሲቆርጥለት ነው። ኮረብታው ሥር ያለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር ግማሿ ተውጧል። ቁጥቋጦው ከተነቀለ የቀረችው ግማሽም ትዋጣለች። ሃጀር የድሮ ሰዎች ኮረብታዎቹን ሸፍኖ የነበረውን ደን እንደጨረሱት ማስረጃ ካላቀረበች ፍርድ ቤቱ ለኩባንያው ይፈቅዳል።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተወ። የቀረችው ውኃ ለጉሮሮ ስለሆነች ሃጀር ለአሱር ሶላት በተየሙም፣ በውኃ ፋንታ በንጹሕ አፈር፣ ልትነጻ፣ ነፋሱ በላጨው ቁልቁለት ላይ ተንበርክካ መሬቱን በመዳፎቿ መታች። እጆቿ ጥቁር ሆነው ተነሱ።

«ምን ነካሽ?»

«በዚህ አልነጻም፤ ከሰል ነው።» መዳፎቿን ዘረጋችለት። «ጋሼ፣ ከሰል ነው!»

ቦታ ቀይራ ሰገደች። እንዳበቃች ከፒክአፑ አካፋና ቦርሳ ይዛ ተመለሰች። ከአሸዋው ሥር የከሰል ንጣፍ ተዘርግቷል፤ በመሃሉ የኖራ ፍርፋሪ ነጭ ነጭ ይላል።

«ደኑን ኖራ ለማቃጠል ነው ያነደዱት። ሆዳሞች! አረመኔዎች!»

«የሞተ ሰው ምን አደረገሽ? ቦርሳውን ሙይ ይልቅ።»

ቦርሳው እንደሞላ ሞተር ጮኸ። የኩባንያው ሁለት ዘበኞች ከመኪናቸው ዘለው ወረዱ። ባለ ቀይ ኮፍያው የብረት ዘንግ ይዟል።

«ቦርሳውን!» አለ በስፓኒሽ።

«አልሰጥም!»

ብረቱ ያረፈው የምንያህል ጭን ላይ ነበር። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሁለተኛው ዘበኛ ቦርሳውን ሊነጥቅ ሲዘል ሃጀር በአካፋው አፉን አለችው፤ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። በሕይወቷ ሰው መትታ አታውቅም ነበር። ባለ ቀይ ኮፍያው ሽጉጥ መዘዘ። ምንያህል ከወደቀበት ተስቦ እግሩን ጠለፈው፤ ጥይቱ አሸዋ ውስጥ ገባ፤ ተያይዘው በኮረብታው ጠርዝ ተንከባለሉ።

ሥር የሌለው ቁልቁለት ተናደ። ባለ ቀይ ኮፍያውን እስከ ደረቱ ዋጠው። ሃጀር ወርዳ ምንያህልን በብብቱ ይዛ ጎተተችው። ጥርሱ የረገፈው ዘበኛ እየደማ ጓደኛውን በእጁ ሊያወጣ ሲቧጥጥ፣ እሷ ቦርሳውንና አካፋውን አንግታ፣ ምንያህልን ሻርፕ ላይ አስተኝታ ወደ ባሕሩ ሳበችው። ፒክአፑ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል፤ የዘበኞቹም መኪና ከዘበኞቹ ማዶ ነበር፤ አማራጭ አልነበራትም።

ጀምበር ስትጠልቅ ከባሕሩ ቀዝቃዛ ጉም ተነሳ። የምንያህል ከንፈር ሰማያዊ ሆነ። ደም ያሸተቱ የአገሩ ቀበሮዎች ዙሪያቸውን ከበቡ፤ አንዱ ደፍሮ የጫማውን ጫፍ ነከሰ። ሃጀር በአካፋው አባረረችው፤ ተመልሶ መጣ። ባሕሩ ላይ አንዲት ጀልባ ወደ መንደሩ ታልፋለች፤ ጩኸት አይደርሳትም። አጠገባቸው የቆመው ኩባንያው ሊነቅላቸው ከተነሳባቸው ቁጥቋጦዎች አንዱ ብቻ ነው።

ሃጀር አካፋውን አነሳች።

«እንዳትነኪው፣ ዶክተርዬ» አለ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። «ለእሱ አይደል እንዴ የመጣነው?»

«ዝም በል ጋሼ!»

ግንዱን ቀጠቀጠችው፣ ሥሩን ነቀለችው፣ እያለቀሰች ሰባበረችው። በምንያህል የሲጋራ መለኮሻ አቀጣጠለችው። ነበልባሉ ሲነሳ ቀበሮዎቹ አፈገፈጉ፤ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ እነሱ ዞረ። ወዲያው ከነቀለችበት ጉድጓድ አሸዋው መፍሰስ ጀመረ። ቆማ አየችው።

ዓሣ አጥማጆቹ ምንያህልን ተሸክመው ጀልባዋ ላይ ሲያስተኙት፣ ሃጀር ወደ እሳቱ ተመልሳ ጥቂት ከሰል ለቀመች፤ ውኃ አስነክታ ለብቻ በመሐረብ ቋጥራ ቦርሳው ውስጥ ጨመረችው።

«ይሄ ደግሞ ለምንሽ ነው?» አለ ምንያህል።

«ፍርድ ቤት አብሮ ይቀርባል።»

«ማን አቃጠለው ቢሉሽስ?»

«እኔ እላቸዋለሁ። ሰው እየበረደው ሊሞት ነበር እላቸዋለሁ።» የመንደሯ የመጀመሪያ ጣሪያ ከአሸዋው በላይ ታየ። «ከዚያ እኔ የኩባንያውን ሰዎች እጠይቃቸዋለሁ፤ እናንተስ የምትነቅሉት በርዷችሁ ነው?»