ኑርዬ ጥልፍ ዶት ኮም

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ ከሚወስደው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ የስፌት መኪና ድምፅ የማይለየው አንድ ቤት ነበር። የቤቱ አባወራ ኑርዬ ነው። የኑርዬን መቀስ የማያውቅ ማን ነበር? ሙሽራ ሊድር የተነሳ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከአምባሰል ቆላ ድረስ ጨርቁን ታቅፎ ይመጣ ነበር። እሱ ይቀዳል፣ ይሰፋል። ሚስቱ መሪማ አንገትና እጅጌው ላይ ጥልፉን ታወርድበታለች። ልጃቸው ሐሰን ከአባቱ ጎን ቆሞ ቅድ ተማረ። ታናሽ እህቱ ሂዳያ ደግሞ ደሴ ኮምፒውተር አጥንታ ተመለሰች። ሀብታም አልነበሩም፤ ግን ያ ቤት ሳቅ አይጎድለውም ነበር። ምን ያደርጋል! የስኳር በሽታ ቀስ ብሎ ገባና የዚያን ጥበበኛ ሰው ዓይን ያደክመው ጀመር። መርፌ ቀዳዳ ጠፋው፤ ከዚያ መስመር ጠፋው፤ በመጨረሻ የልጆቹን ፊት ከጥላ መለየት አቃተው። ደንበኛውም አንድ በአንድ ራቀ።

ልጆቹ ግን እጅ አልሰጡም! አንድ ቀን ሐሰን እህቱን እናታቸው የጠለፈችውን ቀሚስ አስለብሶ ሐይቁ ዳር አቆማትና በስልኩ ቀረጻት። ነፋሱ ቀሚሱን ሲያውለበልበው፣ ውሃው ከኋላዋ ሲያብረቀርቅ... ቪዲዮውን በለቀቀው ማግስት ስልኩ ጩኸቱን አላቆም አለ። ከአዲስ አበባ! ከጅማ! ከዱባይ! «ዋጋው ስንት ነው?» «ለእህቴም እፈልጋለሁ!» መሪማ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ «ያ አላህ፣ ይህ ሁሉ ሰው የት ነበር?» አለች። የስፌት መኪናዋ እንደገና ትጮህ ጀመር፤ የጎረቤት ሴቶች ለጥልፍ ተቀጠሩ፤ ባጃጅ ጥቅሉን ወደ መናኸሪያ ያመላልስ ያዘ። ኑርዬ ባያይም ይሰማል። ድምፁን እየሰማ እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር።

በዚያ ደስታ መሐል ነው ሂዳያ አዲስ ሐሳብ ይዛ የመጣችው። የራሳችን ድረ ገጽ፣ ዶሜይን የሚሉት የራሳችን የኢንተርኔት አድራሻ ይኑረን አለች።

ሐሰን ሳቀባት። «ማን ነው ዛሬ አድራሻ ብሎ የሚጽፍ? ሰው ሁሉ ያለው ቪዲዮው ላይ ነው። ተከታዮቻችንን አታያቸውም እንዴ?»

«አያቸዋለሁ። ግን ቪዲዮ የምንለቅበት ቤት የኛ አይደለም፣ ሐሰኔ። ባለቤቱ ውጡ ያለን ቀን ያ ሁሉ ሰው የት ብሎ ያገኘናል?»

ኑርዬ ከመደቡ ላይ ጆሮውን ቀስሮ ይሰማ ነበር። «የምታወሩት ምንድን ነው? ስምም ይገዛል እንዴ?» አለ።

«ስምህ እኮ ነው አባ! ኑርዬ ጥልፍ ዶት ኮም። ካስመዘገብነው ሌላ ሰው አይወስደውም።»

ሽማግሌው የማያይ ዓይኑን እየጠረገ፣ «እስቲ ስሜ እዚያም ይግባ። አብሽሪ፣ አስመዝግቢው» አላት። ሂዳያ አስመዘገበችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ መሪማ በእያንዳንዱ ቀሚስ አንገት ስር ያንን አድራሻ የያዘች ትንሽ ጨርቅ ትሰፋ ጀመር። ሐሰን ግን ባየው ቁጥር ይስቅበት ነበር።

ወይ የሰው ነገር! በደስታቸው ላይ ሰዑድ የሚባል የልብስ ነጋዴ ከአዲስ አበባ መጣ። አፉ ማር ነው። ሐሰንን ሻይ ቤት አስቀምጦ፣ «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ቪዲዮ የምትለቁበትን ገጽ ይዘህ ና፤ እኔ ፋብሪካ አለኝ፤ እኩል እንካፈላለን» አለው። ወጣት ልብ ምን ጊዜ ይወስድበታል? ገጹ በሐሰን ስልክ የተከፈተ፣ ቁልፉም በሐሰን እጅ ነበር። አንድ ጠዋት ልብሱን በሻንጣ ከቶ፣ እናቱ እግሩ ስር ወድቃ ስትለምነው ተራምዷት ወጣ። አዎ፣ ተራምዷት! ኑርዬ ግን አልተቆጣም። «በሰላም ግባ ልጄ» ብቻ አለው... ይህች ቃል ከእርግማን ይልቅ የምታቃጥል መሆኗን ሐሰን ያወቀው ቆይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ መከራው ተራ በተራ መጣ። በዚያ ገጽ፣ በኑርዬ ፎቶ፣ ጥልፍ የሚመስል ነገር የታተመበት ርካሽ ጨርቅ ይሸጥ ጀመር። አንድ ጊዜ ሲታጠብ የሚለቅ! ደንበኞች ተሳደቡ፤ አቤቱታ አበዙ፤ ገጹም አንድ ቀን ተዘግቶ ያ ሁሉ ተከታይ እንደ ጉም በነነ። ሐይቅ ያለው ቤት ውስጥ ጠላፊዎቹ ሥራ ፈቱ። የኑርዬ ኩላሊት ታመመ። የሂዳያ ድረ ገጽ ክፍት ነበር፤ ግን ማን ይገባበታል? ልጅቷ በየጠዋቱ ከፍታ ታየዋለች፤ ባዶ ነው። «ወንድሜ እውነቱን ነበር ይሆን? እኔ ስም ታቅፌ ቀረሁ?» እያለች ታለቅስ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። አንዲት ሴት ናት።

«ሄሎ፣ የኑርዬ ጥልፍ ናችሁ? ማርያማዊት እባላለሁ፣ ከአዲስ አበባ። ወላሂ በሉኝ፣ እውነተኞቹ እናንተ ናችሁ?»

«ወላሂ እኛ ነን! እንዴት አገኘሽን?»

«ገጻችሁ ሲጠፋ እኮ የሞታችሁ መስሎኝ ነበር! እናቴ ከእናንተ የገዛችውን ቀሚስ ሳጥብ አንገቱ ስር አድራሻውን አየሁና ጻፍኩት፤ ስልካችሁንም እዚያ አገኘሁ። ላገባ ነው። የኔንም፣ የእናቴንም፣ የሚዜዎቼንም ሁሉ እናንተ እንድትሠሩልኝ እፈልጋለሁ።»

ሂዳያ በደስታ ከመጮኋ የተነሳ፣ የጎረቤት ሰው ኑርዬ የሞተ መስሎት እያለቀሰ ሮጦ ገባ! መሪማ እልል ስትል ለቅሶኛው ግራ ገባው፤ ከዚያ እሱም አብሮ እልል አለ። በማርያማዊት ወሬ ደግሞ ሌሎችም የቀሚሳቸውን አንገት እየገለበጡ አድራሻውን ይጽፉ ጀመር። ግን ደስታው ሳይበርድ አንድ ጥያቄ እንደ ድንጋይ ወደቀ። የሙሽራዋን ጨርቅ ማን ይቅደደው? የአባት ዓይን የለ፤ ልጅ የለ...

ልጅ የት ነበር? ሰዑድ ገጹ የተዘጋ ዕለት ደጁን ስለዘጋበት፣ ሐሰን መርካቶ ውስጥ ካልሲ እያዞረ ይሸጥ ነበር። አገሩ ለመደወል ፊት አልነበረውም። አንድ ቀን ዝናብ አስጠልሎት አንድ ሱቅ በረንዳ ስር ቆመ። ስልኩን አወጣና፣ መቼም ተዘግቷል ብሎ፣ ያን የሳቀበትን አድራሻ ጻፈ። ተከፈተ! የእናቱ ጥልፍ፣ የሐይቁ ውሃ... ዝቅ ሲል ደግሞ የራሱ ፎቶ! ከአባቱ ጎን መቀስ ይዞ ቆሟል። ከስሩ፦ «ንድፍና ቅድ፦ ሐሰን ኑርዬ።» ካልሲው ከእጁ ወድቆ ጭቃ ሲነካ አላየውም። ደወለ።

«ሄሎ?» አለች መሪማ። «ማን ልበል?» ትንፋሽ ብቻ። «...ሐሰኔ?»

«እማ... ስሜን ለምን አላጠፋችሁትም?»

«እህትህ ልታጠፋው ነበር። አባትህ ከለከላት። ልጄ ከቤት ወጣ እንጂ ከስሜ አልወጣም አላት።»

«እማ፣ ተራምጄሽ እኮ ነው የወጣሁት!»

«ተራምደኸኝ ና!» ብላ ጮኸች።

ሐሰን ሐይቅ ሲደርስ ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ አልገባም አለ። ኑርዬ ግድግዳውን እየዳሰሰ ራሱ ወጣ። የልጁን ራስ፣ ጉንጩን፣ የከሳ ትከሻውን በጣቶቹ አነበበ። ሰፈሩ ሁሉ አባቱ ይቅር ሲለው ወይም ሲወቅሰው ለመስማት ቆሟል። ሽማግሌው ግን፣ «ከስተሃል። መጀመሪያ ብላ። ከዚያ ጨርቅ አለ፣ ትቀዳለህ» አለው። ሂዳያ ወንድሟን ላታናግረው ምላ ነበር፤ ያን ስትሰማ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ተንሰቀሰቀች።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሥራ ማን ያወራዋል! ሐሰን ይቀዳል፤ አባቱ ጨርቁን በጣቱ እየዳሰሰ፣ «እዚህ ጋ ትንሽ ላላ አድርግለት፣ ትጨፍራለች እኮ» ይላል፤ መሪማና ጠላፊዎቿ ይጠልፋሉ፤ ሂዳያ ስልክ ትመልሳለች። ቤቱ ሠርጉ የራሱ የሆነ ያህል ይጨስ ነበር! የሠርጉ ዕለት ማርያማዊት በቪዲዮ ደወለች። የአዲስ አበባው እልልታ ሐይቅ ያለውን ቤት ሞላው፤ መሪማም ከዚህ መለሰች። ኑርዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «ልጄ፣ አንገቱ አላጠበቀሽም?» አላት። «አባባ፣» አለች ሙሽራዋ እያለቀሰች፣ «ልክ የሆነልኝ ነገር ከዚህ ሌላ የለም።»

ኑርዬ ወሩን አልጨረሰም። ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ሁለቱ ልጆቹ ግራና ቀኝ እጁን ይዘው፣ መኪናዋ በሌላው ክፍል ስትሰፋ እየሰማ አረፈ። ኢናሊላሂ! ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ሰው ወጥቶ ቀበረው። ሐሰን አፈሩ ላይ ተደፍቶ፣ «ትንሽ ብቻ ብትቆይልኝ!» እያለ ሲጮህ ያላለቀሰ አልነበረም።

ሐዘኑ በረድ ሲል የዶሜይኑ ማደሻ ጊዜ ደረሰ። ሂዳያ እናቷን፣ «እማ፣ አባ የለም። በስሙ እንቀጥል?» ብላ ጠየቀቻት። ከእናቷ በፊት ሐሰን መለሰ፦ «ለስንት ዓመት ነው የሚታደሰው? ረጅሙን ውሰጂ።»

ዛሬም ቪዲዮ ይለቃሉ፤ ሰው የሚያያቸው እዚያ ነው። ተመልሶ የሚያገኛቸው ግን በዚያች አድራሻ ነው። አላህ ለሰው የሚሰጠውን ዕድሜ ማን ያውቃል? ኑርዬ ዓይኑን አጣ፣ ጤናውን አጣ፣ ልጁን አጥቶ አገኘ፣ በመጨረሻ ሕይወቱንም አጣ። ማለዳ ላይ ግን ሐይቅ ውስጥ አንድ ስልክ ይጮሃል፤ ሂዳያ ታነሣዋለች፤ ከሩቅ አገር አንዲት የማታውቃት ሴት፣ «ኑርዬ አሉ?» ትላለች። ልጅቷ ትንሽ ትንፋሿን ትሰበስብና፣ «አለን እህቴ፣ ምን እንስፋልሽ?» ትላታለች።