ኤዶም ያስገባችው ፓስወርድ

«የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም» አለ ስልኩ እንደገና። ተስኒም የአባቷን ስም ጽፋ የራሷን የትውልድ ዓመት ጨምራበት ነበር። እሱም አልሆነም።

ስልኳ ተበላሽቶ ሰንብቶ፣ ጠጋኙ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ነው ዛሬ የመለሰላት። አሁን የቤቱን ዋይፋይ አላውቅም ይላል። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሱቅ ላለው አባቷ ደወለች።

«አባ፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ ታስታውሳለህ?»

«እኔ ምን አውቄ። ያኔ ያስገባችው ኤዶም አይደለች? እሷን ጠይቂያታ» አለ ሰላሀዲን። ከበስተኋላው ደንበኛ ዋጋ ሲከራከር ይሰማል። «ምሳሽን በልተሻል?»

«በልቻለሁ» አለች። አልበላችም። እናቷ ነሲባ አያቷን ልታስታምም ኮምቦልቻ ከሄደች ወዲህ፣ ብቻዋን ስትሆን ምግብ አይወርድላትም።

ኤዶም ጎረቤታቸው ነበረች። እሪ በከንቱ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው አብረው ያደጉት። ራውተሩ የተገዛ ቀን ኤዶም እየሳቀች ስምና ፓስወርድ አወጣችለትና፣ «አትጨነቂ፣ ስልክሽ ይይዘዋል» አለቻት። በኋላ የእነኤዶም ቤት ለመንገድ ሥራ ፈረሰ፤ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገቡ። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ በቪዲዮ ያወሩ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የኤዶም ወሬ ሁሉ ስለ አዲሱ ትምህርት ቤትና ስለ አዳዲስ ጓደኞቿ ሆነ። ተስኒም የምትመልሰው እያጣች መጣች። አንድ ቀን፣ «የቤታችን ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ መቼ እንደሚቀጠል አይታወቅም» ብላ ጻፈችላት። ውሸት ነበር። ከዚያ ወዲህ አላወሩም።

አሁን በየትኛው አፏ ትጠይቃት?

ራውተሩን ገለበጠችው። ከጀርባው «ሪሴት» የሚል ትንሽ ቀዳዳ አለ። ከሻርፗ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅላ ጫፉን ከተተችና ተጭና ቆየች። መብራቶቹ ጠፉ። ቤቱ ጭር አለ፤ ከጎን የእነኤዶም ሬዲዮ ይሰማበት በነበረው በኩል እንኳ ምንም የለም።

መብራቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ስልኳ ላይ ግን «ተስኒምና ኤዶም» የሚለው የዋይፋዩ ስም ጠፍቷል። በቦታው ከፋብሪካ የመጣ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ተተክቷል። ስሙም አብሮ እንደሚጠፋ አላሰበችም ነበር። ጥቂት ፈዝዛ አየችው። ከዚያ ራውተሩ ሥር የተለጠፈውን የይለፍ ቃል እያነበበች አስገባች። ሠራ።

ቴሌግራሟን መልሳ ስትጭን፣ ስልኩ ጠጋኙ ጋ ሳለ የገባ የኤዶም መልእክት ከላይ ነበር።

«አቦ፣ ዛሬም አልተቀጠለላችሁም? ስለ ጓደኞቼ ያወራሁሽ ጉራ ነው። እዚህ ሁሉም የራሱ ጀለስ አለው፣ እኔን ማንም አያውቀኝም። ኦንላይን ስትመጪ ደውይልኝ።»

ተስኒም ደጋግማ አነበበችው። «ገና ዛሬ ተሠራ» ብላ ጻፈች። ማንም አይነቃባትም። ደግሞ ጨርሶ ውሸትም አይደለም። ጣቷ መላኪያው ላይ ቆየ።

አጠፋችውና ደወለች።

«ተስኒሜ» አለች ኤዶም ቶሎ አንስታ። «ተቀጠለላችሁ እንዴ?»

«አልተቋረጠም ነበር» አለች ተስኒም፤ የቀረውን ልትነግራት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።