ሐዲድ የሌለው መሻገሪያ

መርገኒ ባጃጁን ሲያቆም ቤንዚን ያለቀበት መስሎኝ ሰደብኩት።

"ቤንዚንስ ሞልቷል፣ እህቴ" አለኝ። "መንገዱ ነው የተዘጋው።"

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር፣ ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ከተማ በታች ባለው መንደራችን፣ አሮጌው የባቡር መሻገሪያ ላይ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ካላመናችሁኝ መርገኒን ጠይቁት... ማጋነን ነፍሱ ነው፤ ይህን ሲያወራ ግን ድምፁ ዝቅ ይላል።

ከጎኔ ታናሽ እህቴን ስትናን ምጥ ይዟታል። ጤና ጣቢያው ከመሻገሪያው ማዶ ነው።

የድሮው የመሻገሪያው ጠባቂ ሐጂ ኸይረላ አግዳሚውን እንጨት አውርደው ቆመዋል።

ሐዲዱ ከተነቀለ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሐጂ ግን ጡረታ ወጥተውም በየቀኑ በዚህ ሰዓት መጥተው ይዘጋሉ። እኛም ጃጅተዋል እያልን፣ ለሽበታቸው ስንል እንቆማለን።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል። ድሮ አንድ ቀን፣ ሐጂ የመጨረሻው ፉርጎ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠለውን ቀይ ምልክት ሳያዩ ከፈቱ። ለካ ባቡሩ መሃሉ ተበጥሶ ግማሹ ኋላ ቀርቶ ኖሯል። ያ ግማሽ ተንደርድሮ መጥቶ ከሠርግ የሚመለስ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ፈጀ።

"ሐጂ፣ ልጅቷ መንገድ ላይ ልትወልድ ነው" አልኳቸው።

"ይለፍ፣ ልጄ።"

"ምኑ?"

ቀይ ባንዲራቸውን ከብብታቸው አወጡ።

መርገኒ ወርዶ እንጨቱን ሊያነሳ ያዘው... ወዲያው ለቀቀው።

"ይንቀጠቀጣል" አለኝ በሹክሹክታ።

ቅጠል አይነቃነቅም። የሐጂ ጀለቢያ ግን ወደ አንድ ጎን ይርገበገባል...

ከዚያ ጥላ መጣ።

በባጃጁ ሸራ ላይ... ጥላ፣ ብርሃን፣ ጥላ፣ ብርሃን... እንደ መስኮት እየተቆራረጠ። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም።

አለፈ።

መርገኒ ዘሎ ሞተሩን አስነሳ። ሐጂ ቀዩን ባንዲራ ዘረጉበት።

"ገና ነው።"

ስትና ክንዴን ነከሰች። ያን ጊዜ ሐጂን ረገምኳቸው፤ አልዋሽም።

ሁለተኛው መጣ። ከፊተኛው ይፈጥናል። ድምፅ የለውም...

የስትና ማቃሰት ድንገት ቆመ። ሞተች ብዬ ዞርኩ።

ጥላው ፊቷ ላይ እየተመላለሰ፣ ወደ ውጭ እጇን ታውለበልባለች።

ሐጂ እንጨቱን አነሱ። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ተገላገለች... ሴት ልጅ፣ ጤነኛ።

ሁሉም ሲረጋጋ ጠጋ ብዬ ጠየቅኳት።

"ለማን ነበር እጅሽን የምታውለበልቢው?"

ሕፃኗን እያጠባች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

"እነሱ ናቸው የጀመሩት" አለችኝ።