ሁለተኛው ገጽ

እሑድ ማለዳ ደንገል አጫጆች የባምላክን ሬሳ ከጣና ዳር አወጡት። ጫማው ድንጋይ ላይ ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል። በማግስቱ ሬሳው ከምርመራ ተመልሶ ግሽ አባይ ሰፈር እናቱ ቤት ሲገባ፣ ከተማው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር፦ ራሱን አጠፋ።

ሳጅን አምባቸው የተላከው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ለሱ ሁልጊዜ ያለቀ ነገር ይሰጡታል። ሃያ ሦስት ዓመት ሲያገለግል፣ ትናንት ዲግሪ ይዘው የመጡት አለቃ ሲሆኑበት፣ እሱ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ «ስምንተኛ» እንደተባለ ቀርቷል። ዛሬም አለቃው «ሂድና ፈርመህ ና» አለው።

የባምላክ እናት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በር ላይ እጁን ያዙት። ዓይናቸው ደረቅ ነው።

«ልጄ፣ ነፍሱን መልስልኝ አልልህም። ፍትሐቱን ግን አታስቀርብኝ። እንዲህ ተቆርጦ እንዴት ላልቅስለት?»

የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ወልደ ዮሐንስ አንገታቸውን ደፉ። «ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም፤ ሥርዓት ነው። ወረቀቱንም አይቸዋለሁ።»

ወረቀቱን ያመጣው አዘዘ ነበር፤ ወደ ደሴት ገዳማት እንግዳ የሚያመላልስ ባለ ጀልባ። ባምላክ ስለ ገዳማቱ የሚጽፍበት ብሎግ በአዘዘ የጀልባ ድረ ገጽ ውስጥ ተሸጉጦ የኖረ ነው። አድራሻው በባምላክ ስም ቢመዘገብም የፊት ገጹን የያዘው አዘዘ ነው። ወረቀቱ ላይ፦ «ከእንግዲህ እዚህ አትፈልጉኝ። ጓዳ መቀመጥ ሰልችቶኛል። ስላነበባችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል።

«መቼ አገኘኸው?» አለ አምባቸው።

«ትናንት፣ መርዶውን እንደሰማሁ ብሎጉን ከፍቼ አተምሁት። ታነበዋለህ ወይስ ላንብብልህ፣ ስምንተኛ?»

ከለቅሶው ድንኳን ጥግ አንድ ሰው ሳቁን በሳል አፈነ። አምባቸው ስድቡን ከቀሩት ጋር አስቀመጠውና ወረቀቱን ገለባበጠ። የላይኛው ጠርዝ በመቀስ ተቆርጧል። ግርጌው አልተነካም።

የባምላክን እጮኛ ሀኒን ለብቻዋ ጠራት።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ደወለ፤ ተቆጥቼ ስልኬን ዘጋሁት። ወዴት ሊሄድ እንደነበር እንኳ አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

ቀጥሎ ቴዎ መጣ፤ ከባምላክ ጋር ድረ ገጹን የሚሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ።

«እንዳልተማረ ሰው አድርገህ አስረዳኝ።»

«ብሎጉ ጓዳ ነበር በለው፣ ሳጅኔ። አድራሻው ‹ብሎግ› የሚል ጭራ ነበረው። ጭራውን ቆርጠን ወደ ዋናው አድራሻ፣ ወደ ሳሎን አወጣነው። የድሮውን በር የሚያንኳኳ ሰው ራሱ ወደ አዲሱ ይወሰዳል።»

«የድሮው ገጽ አይከፈትም?»

«ለማንም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቀጠሯችን ዛሬ ሰኞ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ኔትወርኩ እንደ ተአምር ፈጠነልንና አምስት ሰዓት ላይ ጨረስን። ለማንም አልነገርንም።»

አምባቸው ሁሉንም ሬሳው አጠገብ ሰበሰባቸው።

«መምሬ፣ የእርስዎ ዓይን ደቃቅ ጽሑፍ ለምዷል። ግርጌውን ያንብቡልን።»

«አድራሻ ነው፤ መጨረሻው ‹ብሎግ› ይላል። ከዳር አንድ፣ ጭረት፣ ሁለት።»

«ወረቀት ሲታተም አድራሻውን ከግርጌ፣ ቀኑን ከራስጌ ይጽፋል። ራስጌው በመቀስ ሄዷል። አዘዘ እሑድ ከፍቶ አትሞት ቢሆን ግርጌው አዲሱን አድራሻ ይይዝ ነበር፤ የያዘው ግን የድሮውን ነው። ስለዚህ የታተመው ከቅዳሜ አምስት ሰዓት በፊት፣ ባምላክ በሕይወት ሳለ ነው። የሚሞተውን ሰው ስንብት አስቀድሞ ያዘጋጀ ማነው? ደግሞ ይህ ከሁለት ገጽ አንደኛው ነው። ሁለተኛውን ለምን ደበቅኸው?»

አምባቸው ዝግ ብሎ ጨመረ፦ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ አዘዘ።»

«አልደበቅሁትም፤ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አንብቤ አተምሁ። እንግዳው ሁሉ የሚመጣው የሱን ጽሑፍ አንብቦ ነው» አለ አዘዘ መሬት መሬት እያየ። «ሰኞ ከፊት አውጥቶ ሊጥለኝ ነው ብዬ... ሰኞ ሳይደርስ ብዬ... ቅዳሜ ወደ ማታ ‹የምነግርህ አለ› ብሎ ጀልባዬ ላይ ወጣ። ጫማውን አወለቀ። መናገር ሳይጀምር ገፋሁት። ዋና እንደማይችል አውቃለሁ። ጫማውን ኋላ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥሁት።»

አምባቸው የአዘዘን እጅ በካቴና አሰረ። «ሁለተኛው ገጽ ቅጂው እኔ ጋ አለ» አለ ቴዎ ስልኩን እየከፈተ።

«ለምን ቀድመህ አልተናገርህም?» አሉ መምሬ።

«ማን ጠየቀኝ? ራሱን አጠፋ ብላችሁ ጨረሳችሁ እኮ።» ከዚያ አነበበ፦ «‹ቤቴን ወደ ዋናው አድራሻ አዛውሬያለሁ። ወደ ገዳማቱ ስትመጡ የወንድሜን የአዘዘን ጀልባ ያዙ። ስልኩን ፊት ለፊት አስቀምጬላችኋለሁ።›»

የአዘዘ ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ። እጁ ታስሮ ስለነበር አምባቸው አወጣው።

«ሃሎ፣ ጀልባ ነው?» አለች አንዲት ሴት። «ባምላክ ጽፎት አይተን ነው። ለቅዳሜ ስድስት ሰው ነን።»

አምባቸው ስልኩን ዘጋው።

መምሬ ወልደ ዮሐንስ መስቀላቸውን አነሡ፤ ፍትሐቱ ተጀመረ። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላቸውን አደገደጉና፣ ሁለት ቀን ሙሉ ታፍኖ የነበረውን ጩኸት ለቀቁት።